ሰባት ቤት ተቈጥሮም

በላስታ ደጋ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች የሚጠይቁት ስለ መሬትና ስለ ከብት ብቻ አይደለም፤ ሙሽራውና ሙሽራይቱ እስከ ሰባት ቤት የማይዛመዱ መሆናቸውንም ጭምር ነው። መልካም ልማድ ነው፤ እናትና አባት ሳያውቁት የያዙት አንድ ዓይነት የዘር ጉድለት በልጅ ላይ የሚገናኘው በዘመዳሞች ጋብቻ ይበልጣልና።

ታዲያ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ከተጋቡ ሰዎች፣ በሁለት ዓመቱ መቀመጥ፣ በአምስት ዓመቱ መናገር የተሳነው ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ምን ይላል? አንዱ ቡዳ በላው፣ ሌላው የእናቲቱ ኀጢአት ነው ይላል። ልጁን አዝሎ ጠበል መውረድ ነውር የለበትም፤ ነውሩ እናቲቱን መክሰሱ ነው። ከተማም ቢሆን እንዲህ ያለውን ልጅ በቀላሉ አላስጠጋም፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር።

የሰው ዘር መልእክት 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት መጽሐፍ ነው እንበል፤ አንዱ ምዕራፍ «ጂን» ይባላል (ከጅኒ ጋር መመሳሰሉ የስም አጋጣሚ ብቻ ነው)። የላሊበላን የብራና መጻሕፍት የገለበጠ ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ በዋናው ላይ የሌለ ፊደል አልፎ አልፎ ያስገባል። በእያንዳንዱ ልጅም ላይ በእናቱም በአባቱም ያልነበሩ፣ በአሥሮች የሚቈጠሩ አዳዲስ ለውጦች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዱ ግን ለአእምሮ እድገት በሚያስፈልግ ጂን ላይ ከዋለ ልጁ ይጐዳል። ለዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ይህን ለማወቅ የልጁ፣ የእናቱና የአባቱ ዘር ተነብቦ ጐን ለጐን ይመሳከራል። በብሪታንያና በአየርላንድ ከ13,000 የሚበልጡ ልጆች የተመረመሩበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ፣ ከመቶ 41 ያህሉ የሕመማቸው ምክንያት ታውቋል፤ ከእነዚሁም ከአራቱ በሦስቱ ገደማ የተገኘው እንዲህ ያለው አዲስ ለውጥ ነው።

ምክንያቱ መታወቁ ሁልጊዜ መድኃኒት ያስገኛል ማለት አይደለም። ነገር ግን «ሌላ ብወልድስ?» ለምትል እናት ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ለውጡ አዲስ ከሆነ ዳግመኛ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆን፣ ከሁለቱም ወላጆች ተደብቆ የመጣ ከሆነ ግን በየእርግዝናው ከአራት አንድ ነው።

በዚሁ ጥናት የአፍሪካ ዘር ያላቸው ልጆች መልስ የማግኘት ዕድላቸው አንሶ ተገኝቷል። ማመሳከሪያው በብዛት የተሞላው ከአውሮፓውያን ነውና፣ በአንድ የላስታ ልጅ ላይ የታየ እንግዳ ፊደል የበሽታ ምልክት ይሁን ወይስ በወሎ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚገኝ፣ ሐኪሙ በቀላሉ ሊለየው አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሕፃኑ ደም ብቻ ሳይሆን የጤነኞቹ ጎረቤቶቹም ደም ጭምር ነው።