የጦርነት ወደብ በጠረጴዛ ላይ፦ ምጽዋን ከመካኒሳ ሆኖ መሥራት

ዲዮራማ አንድን ቦታ በአንድ ቅጽበት አሳንሶ የሚያቆም ሥራ ነው። ከተለመደው የሕንጻ ሞዴል የሚለየውም በዚሁ ነው። በሪል እስቴት ሽያጭ ቢሮዎች በመስታወት ሥር የምናየው ሞዴል ጊዜ የለውም፤ ዛፉ አይጠወልግም፣ አስፋልቱ አይቆሽሽም፣ ሰው ቢኖርበትም ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዲዮራማ ግን ቀን ይፈልጋል፣ ሰዓትም ጭምር። ስለዚህ የጦርነት ጊዜ ወደብ ለመሥራት የተነሣ ሰው ኮላና ቀለም ከመግዛቱ በፊት የሚሠራው የትኛውን ወደብ፣ የትኛውን ቀን እንደሆነ መወሰን አለበት።

ከወደቦች ሁሉ የእኛን ታሪክ የበለጠ የነካው ምጽዋ ነው። ጣልያን በ1877 ዓ.ም. ከያዘችው ወዲህ ይህ ወደብ ቢያንስ ሦስት ትልልቅ የጦርነት ቅጽበቶችን አይቷል፤ ሦስቱም ለሞዴል ሠሪ በየራሳቸው ያጓጓሉ።

በጊዜ ለእኛ የቀረበው የካቲት 1982 ነው፤ ሻዕቢያ ምጽዋን የያዘበት ውጊያ። ይህን አልመርጠውም። በዚያ ውጊያ በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ወንድሙን ያጣ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። የሚያዝንን ሰው ሐዘን በሁለት ሴንቲ ሜትር ምስል ለመሥራት የሚያስችል ርቀት ገና የተፈጠረ አይመስለኝም።

ሁለተኛው በውጭው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ነው። የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ ሲገባ፣ የጣልያኑ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ በወደቡ የነበሩትን መርከቦች በየመግቢያው አሰጥሞ፣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ዶኮችንም ወደ ባሕሩ ወለል ልኮ ነበር። በዓመቱ አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ደረሰ። በጥቂት ሰዎችና በጥቂት መሣሪያ፣ የታመቀ አየር እየነፋ ትልቁን ዶክ አነሣ፤ ሊብንፌልስ የተባለችውን የጀርመን መርከብም እንዲሁ። ዲዶ፣ ዩርያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ለጥገና ሲመጡ በወደቡ የነበረው ዶክ ትንሽ ስለሆነባቸው የኋላ ክፍላቸውን ብቻ ከውኃ ብድግ እያደረገ አስጠገናቸው። ድንቅ ታሪክ ነው፤ ኤልስበርግ ራሱም መጽሐፍ ጽፎበታል። ነገር ግን የታሪኩ ጀግና መርከብ ነው፣ የመርከቡም አብዛኛው አካል ከውኃ በታች ነው። ዲዮራማ ሲሆን ከተዘበራረቀ ምሰሶና ከዘመመ ጭስ ማውጫ በላይ ብዙም የሚታይ አይኖርም። የወደቡ ጠርዝም ባዶ ነው።

የምመርጠው ሦስተኛውን፣ ማለትም የ1927 ዓ.ም. ክረምትን ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት የቀኖቹን ቅደም ተከተል ማየት ይበቃል። የወልወል ግጭት የተነሣው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928። በመካከሉ ወደ አሥር ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ በእነዚያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት የሚታየው ምጽዋ ላይ ነበር። ወታደር፣ በቅሎ፣ ድርቆሽ፣ ዱቄት፣ ሲሚንቶ፣ ካሚዮን፣ ጥይት፣ ሁሉም በስዌዝ ቦይ አልፎ በዚያች ጠባብ ደሴት ይራገፋል። በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር በክርክር ላይ ሳለ ምጽዋ ላይ ክርክሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ማይጨው ላይ የደረሰብንን ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል፤ ያ ሁሉ ነገር በሳጥን ታሽጎ ፀሐይ ላይ ተቆልሎ የነበረበትን ቦታ ግን እምብዛም አልሣልነውም።

ወደቡ ደግሞ ለዚያ ሁሉ አልተሠራም። መርከቦች እስኪራገፉ ድረስ ባሕር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የተራገፈውም ዕቃ ቶሎ አይሄድም፤ አሥመራ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፣ ወደ እርሷ የሚወጣው የባቡር ሐዲድ ደግሞ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፣ ርዝመቱም 118 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመርከቡ ማንሻ ከጉድጓዱ የሚያወጣውን ያህል ሰው ከጠርዙ አያነሣም፤ ሰው የሚያነሣውን ያህል ባቡሩ አይጭንም፤ ባቡሩ የሚጭነውን ያህል ተራራው አያሳልፍም። የማነቆው መፍቻ እንዲሆን የታሰበው ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የምጽዋ–አሥመራ የገመድ መንገድ በ1927 አልደረሰም፤ ሥራው ያለቀው ከወረራው በኋላ ነው። ብዙ ሞዴል ሠሪ የሚሳሳተው እንዲህ ባለው ላይ ነው። የገመድ መንገዱ ምሰሶ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ከቀኑ በፊት ይተክለዋል።

እንግዲህ የዚህ ዲዮራማ ባለቤት መርከቡ አይደለም፤ ክምሩ ነው። ይህ ከተወሰነ ሌላው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፣ በመጀመሪያም ስኬሉ።

በመርከብ ወዳጆች ዘንድ የተለመደው ስኬል አንድ ለ350 ነው። በዚህ ስኬል የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ባንዲራ መርከብ የነበረችው 95 ሜትሯ «ኢትዮጵያ» 27 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ግን አምስት ሚሊ ሜትር ነው። ጎንበስ ማለቱን እንጂ መድከሙን ማሳየት አይቻልም። በሌላው ጫፍ አንድ ለ35 አለ፤ ሰው ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ይቆማል፣ የሸሚዙ ላብ እንኳ ይቀባል፤ ነገር ግን 120 ሜትር የሚሆን የጭነት መርከብ ከሦስት ሜትር ተኩል ትንሽ ቢያንስ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚሆን አይደለም። አንድ ለ72 መካከለኛው ነው፦ ሰው 24 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 3.17 ሜትር የነበረችው ትንሿ የጣልያን ታንክ ሲቪ 33 ደግሞ 4.4 ሴንቲ ሜትር። መርከቡ አሁንም 1.67 ሜትር ስለሆነ አይገባም። መቆረጥ አለበት።

መቁረጡ ጉዳት አይደለም። ስልሳ በአርባ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ በዚህ ስኬል 43 በ32 ሜትር መሬት ነው። በአንዱ ረጅም ጎን የመርከቡ ግድግዳና አንድ የዕቃ ማውጫ ጉድጓድ ከማንሻው ጋር ብቻ ይቀመጥ። ፊቱም ጀርባውም ከሰሌዳው ውጭ ይቅር። ተመልካች የመርከቡን ስም ማንበብ ካልቻለ ዓይኑ ወደ ጠርዙ ይወርዳል፤ የምንፈልገውም እንዲወርድልን ነው።

ቁሱን መካኒሳ አካባቢ ማግኘት የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከቤት ዕቃ ሠሪዎች፣ ስታይሮፎም ከአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን፣ ጄሶና ብርጭቆ ወረቀት ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ። ስስ ካርቶንና ፎም ቦርድ ልደታ ሕንጻ ኮሌጅ አካባቢ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ከሚገዙበት ይገኛል። ለማንሻው ገመድ ከተበላሸ ቻርጀር የሚወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ፦ ማስቲሽና የሚረጭ ቀለም ስታይሮፎምን ይበሉታል፤ በነጭ ኮላ መለጠፍ፣ ከመቀባትም በፊት በጄሶ መሸፈን ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ጄሶው በቶሎ አይደርቅም። የምጽዋን ነሐሴ በመካኒሳ ነሐሴ ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ ዝናብ ጣራውን እየመታ የቀይ ባሕርን ሙቀት ለማሰብ መገደዱ አይቀርም።

የጠርዙ ግንብ በስታይሮፎም ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ጄሶ ነው። ገና ሳይጠነክር የድንጋዮቹን መገጣጠሚያ በመርፌ መሥመር ማውጣት ይቻላል። የጥንቱ ምጽዋ በአብዛኛው የታነጸው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ስለሆነ፣ በስተጀርባ የሚታይ የመጋዘን ግድግዳ ካለ ላዩ የተበሳሳ መሆን አለበት፤ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት እርጥቡ ጄሶ ላይ ቢጫኑት ይህን ያወጣል። ግንቡ ላይ ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው የውኃው ምልክት ነው። ባሕሩ አንድ ሜትር ከፍና ዝቅ ቢል በዚህ ስኬል 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ቀበቶ ከታች አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር፣ ከላይ ደግሞ የደረቀ ጨው ነጭ ይሆናል። ይህ ከሌለ ግንቡ ከውኃው ጋር ኖሮ አያውቅም።

ውኃውን በሬዚን መሥራት የሚቀናው ይኖራል፤ ዛሬ ጠረጴዛ ሠሪዎችም ይጠቀሙበታል። ወፍራም አድርገው በአንድ ጊዜ ካፈሰሱት ግን ይሞቃል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሥራ የበዛበት ወደብ ውኃ ወለሉን አያሳይም፤ ዘይትና ቆሻሻ አለበት። ሶፍት በተበጠበጠ ነጭ ኮላ እየነከሩ ሰሌዳው ላይ ማልበስ፣ በጣት ጫፍ ትንንሽ ሞገድ ማውጣት፣ ጥቁር አረንጓዴ መቀባት፣ ከዚያም በተደጋጋሚ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ መደረብ ይበቃል።

አሁን ወደ ክምሩ እንምጣ፤ ጊዜያችንን በሙሉ ቢወስድ የሚገባው እርሱ ነው። ሣጥን መሥራት ቀላል ነው፤ የክብሪት እንጨትና ካርቶን። ከባዱ ክምሩ ለምን እንደተከመረ ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱ፣ ማለትም ተራራው፣ ከሰሌዳው ውጭ ስለሆነ። ተራራውን በጀርባ ሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ ሆኖም ያ ሥዕል መልክዓ ምድር ይሆናል እንጂ መዘግየት አይሆንም። መዘግየትን የሚያሳየው የዕቃው ዕድሜ ነው። ከጠርዙ ራቅ ብሎ ያለው ክምር የቆየው ነው፦ ሸራው በፀሐይ የነጣ፣ መካከሉ የረገበ፣ የታችኞቹ የሲሚንቶ ጆንያዎች እርጥበት ስቦባቸው የደረቁ፣ የበርሜሎቹ ጠርዝ የዛገ። ወደ መርከቡ በቀረብን ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል፣ እንጨቱ አዲስ ቢጫ ይሆናል። ተመልካቹ ማብራሪያ ሳያነብ ይህ ዕቃ መምጣቱን እንጂ መሄዱን እንዳላወቀ ይረዳዋል። ቀለም ማደብዘዝና ማዛግ በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ ለጌጥ ይሠራል፤ እዚህ ግን ሰዓት ቆጣሪ ነው።

ከሣጥኖቹ መካከል የአንዳንዱ ጉዳይ ከባድ ነው። ጣልያን ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ በተከዜ አካባቢና ከዚያም በኋላ የጣለችው ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ እያንዳንዱ 212 ኪሎ ግራም ያህል የመርዝ ፈሳሽ ይይዝ ነበር። ያም በባሕር የመጣ ነው። ዲዮራማው ውስጥ እንዴት ይግባ? የራስ ቅል ምልክት ያለበት ሣጥን መሥራት ተመልካቹን ማታለል ይመስለኛል። የተሻለው ከሌሎቹ የማይለይ፣ ጥበቃው ብቻ የሚለየው ቁልል ነው፦ ከዱቄቱ ጆንያ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ አንድ ዘብ የቆመበት፣ ተሸካሚ የማይቀርበው። ማንም ካልጠየቀ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ዘመኑም እንዲሁ አሳልፎታል።

ሰዎቹን ለመሥራት መረጃ ስንፈልግ የምናገኘው በብዛት የጣልያኑ የሉቼ ተቋም ያነሣው ፊልምና ፎቶ ነው። ጠቃሚ ነው፤ የባርኔጣው ቅርፅ፣ የካሚዮኑ ዓይነት ከዚያ ይቀዳል። ግን የተነሣው ለፕሮፓጋንዳ ነው፤ ካሜራው ከመሰላሉ እየሳቀ የሚወርደውን ወታደር ይወዳል። ያንን ብቻ የቀዳ ሞዴል ሠሪ ሳያስበው የሙሶሊኒን ፖስተር ይሠራል። በዚያ ሙቀት ጆንያውን የሚሸከመው ኤርትራዊ፣ ከባሕሩ ማዶ የመጣው የመናዊ፣ ለደመወዝ የተላከው ድኻ ጣልያናዊ ወዛደር በፊልሙ ዳር ዳር ነው ያሉት። ዳር ያሉትን ወደ መሐል ማምጣት የእኛ ፋንታ ነው። ቁጥሩን እኔ ብወስን ለአንድ ወታደር አራት ተሸካሚ አደርጋለሁ። ሳምቡክ ጀልባም አንዲት ከመርከቡ ጥላ ሥር ትግባ፤ ያ ወደብ ከጦርነቱ በፊት ሕይወት ነበረው።

ሰዓቱ የሚወሰነው በጥላ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ ምጽዋ ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር ይሰበሰባል። ለዓይን አስደናቂ ነው፣ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሥራ የሚበዛ አይመስለኝም፤ ሞዴሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳውን፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ያለውን፣ እመርጣለሁ። መብራቱ ከምሥራቅ ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ የክምሩ ጥላ ተሸካሚዎቹ ላይ ይውደቅ።

የመጨረሻው ሥራ የሰሌዳውን ጠርዝ መቁረጥ ነው፤ ብዙዎች ክምሩን ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ አድርገው በንጹሕ መሬት ይከቡታል። ያን ጊዜ ክምሩ የሚቆጠር፣ የሚያልቅ ዕቃ ይሆናል። በምዕራብ በኩል፣ ሐዲዱ ወደ አሥመራ በሚወጣበት ጎን፣ መጋዙ ሣጥኖቹንና ጆንያዎቹን ራሳቸውን መሐል ለመሐል ይቁረጣቸው፤ ሐዲዱም በጭነት ፉርጎ እንደተዘጋ ይቆረጥ። ማንሻው በምሥራቅ ሌላ ጭነት አንጠልጥሏል፤ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ከአንድ ሣጥን ወርድ እንዳይበልጥ አድርጎ መለካት ያስፈልጋል።