ነፃ ከርነል ወደ መኪና ሲገባ

ከፋብሪካ የሚወጣ የዛሬ መኪና በውስጡ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን ይዞ ነው የሚሄደው። ፍሬኑን የሚቆጣጠር አንድ፣ መሪውን የሚያግዝ ሌላ፣ ኤርባጉን የሚጠብቅ ሌላ፤ የመስኮቱን መስታወት የሚያወጣና የሚያወርድ እንኳ አለ። ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉት እነዚህ ቺፖች ከኪሳችን ስልክ ጋር ሲተያዩ አቅማቸው ትንሽ ነው፤ ማህደረ ትውስታቸው በኪሎባይት፣ ቢበዛ በጥቂት ሜጋባይት ይለካል። የሚጠየቁት ግን ስልክ የማይጠየቀውን ነው፤ ሥራን በትክክል መሥራት ብቻ ሳይሆን በተባለው ሰዓት መጨረስ። ስልክ ለግማሽ ሰከንድ ቢደነዝዝ ባለቤቱ ያጉረመርማል። የፍሬን ኮምፒውተር ለግማሽ ሰከንድ ቢደነዝዝ ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያለ እሱ እርዳታ ይሄዳል።

ይህን የሰዓት ግዴታ የሚያስከብረው ሪል ታይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። መሀሉ ላይ የተቀመጠው ከርነል የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፦ ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ሥራዎቹ ብዙ፤ አሁን ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ልዩነቱ ተራው በአመጣጥ ሳይሆን በአጣዳፊነት መያዙ ነው፤ ይበልጥ አጣዳፊ የሆነ ሲመጣ ተሳፍሮ የነበረውም ይወርዳል። የመኪና ኢንዱስትሪ ለዚህ ሥራ ቀድሞ የራሱን ደንብ አውጥቷል። የጀርመን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ኦሴክ የተባለውን የጋራ መስፈርት ጀመሩ፤ ፈረንሳዮቹ በዓመቱ ተቀላቀሉ፤ በ2003 ሰፋ ያለው አውቶሳር ተመሠረተ። በእነዚህ ደንቦች መሠረት የሚሠሩት ሲስተሞች በአብዛኛው በፈቃድ የሚሸጡ ናቸው። በሌላ ወገን ደግሞ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆኑ አሉ፦ ሪቻርድ ባሪ በ2003 ያወጣው ፍሪአርቶስ፣ ግሪጎሪ ነት በ2007 ያወጣው ነትኤክስ፣ በ2016 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተጀመረው ዜፈር። ኮዱ በነፃ ከተገኘ የቀረው ከመኪና ቺፕ ጋር ማላመድ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከኮዱ ጋር አብሮ የማይመጣ አንድ ነገር አለ፤ ሥራው በሰዓቱ እንደሚደርስ የተሰጠው ቃል። ቃሉ በአንድ ቺፕ ላይ ስለተጠበቀ በሌላው ላይም ይጠበቃል ማለት አይቻልም፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ አዲስ መረጋገጥ አለበት። የማላመድ ሥራ ትልቁ ክፍል ያለውም እዚያ ነው።

የኮዱ ክፍል ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የፍሪአርቶስ ዋና አካል በጥቂት የሲ ፋይሎች ተጠቃሏል፤ ቺፑን የሚነካው ሁሉ ደግሞ ለብቻው በስስ ንብርብር ተለይቷል። አላማጁ የሚጽፈው ይህን ንብርብር ነው፦ የሰዓት ምት የሚሰጥ ታይመር ማዘጋጀት፣ ኢንተራፕትን (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጠውን ጥሪ) ለአፍታ መዝጋትና መክፈት፣ ከሁሉም በላይ አንዱን ሥራ (ታስክ) አስቁሞ ሌላውን ማስቀጠል። የቆመው ታስክ ሲመለስ መቆሙን እንኳ ሊያውቅ አይገባም፤ ሬጅስተር በሚባሉት የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ መያዣዎች ውስጥ የነበረውን ሁሉ እንደነበረ ሊያገኘው ይገባል። ኮርቴክስ ኤም በሚባለው የአርም ቤተሰብ ላይ ይህ ምቹ ነው። ኢንተራፕት ሲመጣ ሃርድዌሩ ራሱ ስምንት ሬጅስተሮችን ስታክ በሚባለው የታስኩ ማህደረ ትውስታ ላይ ያስቀምጣል፤ ከርነሉ ሌሎች ስምንት ይጨምርና የስታኩን ጠቋሚ ይለውጣል፤ በቃ። የኤንኤክስፒ ኤስ32ኬ ቺፖች ከዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ነትኤክስም ዜፈርም ይሠሩባቸዋል።

የኢንፊኒዮን ኦሪክስ ቺፕ ግን ሌላ ዓለም ነው። ትራይኮር የተባለው ፕሮሰሰሩ የታስክን ሁኔታ በተለመደው ስታክ ላይ አይደረድርም። እያንዳንዳቸው 64 ባይት የሆኑ ክፍሎች በማህደረ ትውስታው ውስጥ ቀድመው ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ቀጣዩን እየጠቆመ በሰንሰለት ይያያዛሉ። ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ብቻ ሳይሆን አንድ ፈንክሽን ሌላውን በጠራ ቁጥር ሃርድዌሩ ከነፃው ሰንሰለት አንድ ክፍል ወስዶ ሬጅስተሮቹን እዚያ ያኖራል፤ ፈንክሽኑ ሲመለስ ክፍሉም ይመለሳል። ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ ለአላማጁ ግን መዘዝ አለው። አዲስ ታስክ ሲፈጠር ከዚህ ቀደም ሲሠራ ቆይቶ የተቋረጠ እንዲመስል ሁለት ክፍሎችን በእጅ ሞልቶ ማያያዝ ይኖርበታል። ታስክ ሲሰረዝም ስታኩን መልቀቅ አይበቃም፤ ታስኩ ይዟቸው የነበሩት ክፍሎች በሙሉ ተለቅመው ወደ ነፃው ሰንሰለት መግባት አለባቸው። ይህን የረሳ ኮድ ላቦራቶሪ ውስጥ እንከን የሌለው ይመስላል፤ ታስክ ሲፈጠርና ሲሰረዝ ከቆየ በኋላ ግን ሰንሰለቱ ይሟጠጥና ፕሮሰሰሩ ሥራውን ትቶ ወደ ስህተት ማስተናገጃው ይገባል። በዚህ ላይ የቺፑ ቁልፍ ሬጅስተሮች በይለፍ ቃል የተቆለፉ ናቸው፤ በዋችዶጉ (ቺፑ ሲደነዝዝ እንደገና በሚያስነሳው ታይመር) በኩል ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ቶሎ መዝጋት ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፦ ነፃው ኮምፓይለር ጂሲሲ በዋናው እትሙ ትራይኮርን ሳያካትት ነው የኖረው፤ ስለዚህ ነፃው ከርነል በብዛት የሚገነባው በሚሸጥ ኮምፓይለር ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ሥራው ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። መብራቷ የምትመሰክረው ግን ከርነሉ መሮጡን እንጂ ቃሉን መጠበቁን አይደለም። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር በ10 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ከርነሎች ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊሰከንድ ምት ይዋቀራሉ፤ በዚያች አንድ ምት ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ 36 ዲግሪ ዞሯል። ካንዴላው የሚተኩስበት ነጥብ በ1 ዲግሪ ልክ ይሁን ቢባል የሚፈቀደው ጊዜ 28 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ተኩሱን ከርነሉ በምት ቆጠራ ሊያደርሰው አይችልም፤ ለቺፑ የታይመር ሃርድዌር ይተወዋል፤ ከእሱ የሚጠበቀው የሚቀጥለውን ስሌት አስቀድሞ ማድረስ ነው። ካንዴላ የማያውቀው የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ አያመልጥም። የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው ስሌት በብዙ ዲዛይኖች ከ50 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ ባለ ልዩነት ይደጋገማል። (ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ ነገሩ ለአዲስ አበባ ጋራዦችም ሩቅ አይደለም።) እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ የከርነሉ አማካይ ፍጥነት አይደለም፤ ኢንተራፕትን ዘግቶ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው የሚለው ነው።

ቺፖቹ እኮ ፈጣን ሆነዋል፣ ይህ ጭንቀት ያለፈበት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በኦሪክስ ቤተሰብ በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ስድስት ኮሮች በአንድ ቺፕ ላይ ይገኛሉ። ግን ፍጥነቱ ከየት መጣ? አብዛኛው ከካሽና ትእዛዝን ቀድሞ ከማምጣት ነው፤ እነዚህ ደግሞ አማካዩን ያሳጥራሉ እንጂ የከፋውን ጊዜ ለመተንበይ ይበልጥ ያስቸግራሉ። አንድ ትእዛዝ ካሽ ውስጥ ከተገኘ ወዲያው ይፈጸማል፤ ካልተገኘ ፍላሹን መጠበቅ ግድ ነው። ኮሮቹም በጋራ መስመር ላይ ይሻማሉ። ኦሪክስ ላይ እያንዳንዱ ኮር የራሱ ፈጣን ማህደረ ትውስታ አለው፤ የጎረቤቱን ማንበብ ግን ይዘገያል። ስለዚህ የአንድ ታስክ ስታክ የት ተቀመጠ የሚለው ብቻውን፣ ከኮዱ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ ጊዜውን ይለውጠዋል። ቅድሚያን የሚወክሉት ቁጥሮችም ያሳስታሉ። ኮርቴክስ ኤም ላይ የኢንተራፕቱ ቁጥር ባነሰ መጠን አጣዳፊነቱ ይጨምራል፤ ትራይኮር ላይ ተቃራኒው ነው፤ የፍሪአርቶስ ታስኮችም ትልቁን ቁጥር ያስቀድማሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቀውም፤ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ስህተቱ ብቅ የሚለው ሁለት ኢንተራፕቶች በተገናኙባት አንዲት ቅጽበት ነው።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጣጣው ይህን ያህል ከሆነ ተረጋግጦ የሚሸጠውን ለምን አይገዙም? ለፍሬንና ለመሪ ከሆነ፣ በእኔ ግምት፣ የዛሬው መልስ «ይግዙ» ነው። የመኪና ኤሌክትሮኒክስን ደህንነት የሚመለከተው አይሶ 26262 እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2018 ተሻሽሏል፤ አደጋን ከኤ እስከ ዲ ደረጃ ይሰጣል፤ በላይኛው ደረጃ ላይ ኮዱ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፣ እያንዳንዱ መስፈርት ከነፈተናው በሰነድ መታሰር አለበት። ዊተንስታይን የተባለው ድርጅት የፍሪአርቶስን አሠራር ተከትሎ ሴፍአርቶስን እንደ አዲስ ሠርቶ እስከ ዲ ደረጃ አስመስክሮለታል። ነገር ግን ያ ምርት የሚቀርበው ለተወሰነ ፕሮሰሰርና ለተወሰነ ኮምፓይለር ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ማስረጃም ቺፑ ሲለወጥ አብሮ አይሻገርም። ዝግ መሆንም ዋስትና አይደለም። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር በተደጋጋሚ ራሷን ያስነሳችው ቪኤክስወርክስ የተባለውን የሚሸጥ ሲስተም ይዛ ነበር። ዝቅተኛው ታስክ የያዘውን ሚውቴክስ (የጋራ ሀብት መቆለፊያ) ከፍተኛው ሲጠብቅ መካከለኛው ጊዜውን በላው፤ መድኃኒቱ ከርነሉ ውስጥ ነበር፣ አማራጩ ግን አልበራም ነበር፤ መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው አበሩት። ትሬድኤክስ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቶ በ2019 ወደ ማይክሮሶፍት፣ በ2023 ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን አልፎ በክፍት ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱ በተለወጠባት ዕለት ኮዱ አልተሻለም፣ አልባሰም።

ታዲያ የክፍትነት ጥቅሙ ምንድን ነው? ኢንተራፕት የተዘጋበትን ረጅሙን ስፍራ ራስ አንብቦ፣ ራስ ለክቶ፣ ሲያስፈልግ ማሳጠር መቻል ነው። በዝጉ ግን የሻጩን ቁጥር ከመቀበል ሌላ ብዙ ምርጫ የለም። የቺፕ እጥረቱ በበረታበት በ2021 ቴስላ የለመዳቸውን ማይክሮኮንትሮለሮች ሲያጣ ከሌሎች አቅራቢዎች ለመጡ ቺፖች ሶፍትዌር እየጻፈ ምርቱን እንዳስቀጠለ አስታውቋል። ማላመድ የሚችል ሰው በድርጅቱ ውስጥ መኖሩ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከፈቃድ ዋጋ በላይ ይመዝናል፤ ክፍት ከርነል ያንን ሰው ለማሰልጠን ከሁሉም ይመቻል።

በእኔ አስተያየት መጀመር የሚገባው የሰው ሕይወት በቀጥታ ከማይንጠለጠልበት ቦታ ነው፤ ከውስጥ መብራት፣ ከወንበር ማስተካከያ። እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ አምራቾች ወጪ ለመቀነስ ብዙ ሥራዎችን በአንድ ቺፕ ላይ ማሰባሰብ ይወዳሉ። ቀላሉ ሥራ የከባዱን ማህደረ ትውስታ እንዳይነካ የሚከለክለው የቺፑ መከላከያ ነው፤ እሱም ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። በኮርቴክስ ኤም4 እና ኤም7 ላይ የሚከለለው ክልል መጠኑ 32፣ 64፣ 128 እያለ በእጥፍ መሄድ አለበት፤ ትራይኮር ላይ መነሻና መድረሻ መስጠት ይበቃል። ይህን ሳይነኩ፣ ታስኮቹን ሁሉ በሙሉ ሥልጣን እያስኬዱ «ተላምዷል» የሚባሉ ከርነሎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ማላመድ ለወንበሩ ቢበቃም፣ የፍሬን ሥራ ባለበት ቺፕ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም።