ተራራ ለሚወጣ ሰው ልብሱ ቤቱ ነው

ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ታቦር ተራራ ግርጌ የቆመ ሰው፣ ሀዋሳ ውስጥ በእግር ተራራ መውጣት የሐኪም ትዕዛዝ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል፡፡ የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ኢንጂነሩ በቡድን ሆነው ዳገቱን ሲያያዙት ይታያሉ፡፡ ታቦር ያነሰባቸው አላሙራን ይሞክራሉ፡፡ ረዘም ያለ ዕረፍት ያገኙት ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ይዘልቃሉ፡፡ ጉልበቱና ጊዜው ያላቸው ደግሞ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ድንኳናቸውን እንደያዙ ባሌ ተራሮች ድረስ ይጓዛሉ፡፡ «ሃይኪንግ» የሚለው ቃልም ከአፋችን የማይጠፋ ሆኗል፡፡

ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ዝግጅት ሲደረግ በቅድሚያ የሚነሳው የመኪና ኪራይ ነው፡፡ ቀጥሎ ስንቅ፣ ቀጥሎ ካሜራ ይመጣል፡፡ ልብስ የሚታሰበው በመጨረሻ፣ ያውም ለፎቶ ያምራል ወይስ አያምርም በሚል ነው፡፡ አብዛኛው ሰው ቤቱ ያለውን ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራ አጥልቆ፣ ስኒከሩን አጥብቆ ይወጣል፡፡ ይህ አለባበስ ለታቦር በቂ ነው፡፡ ቢዘንብም ቢነፍስም ቤት ቅርብ ነውና ደርሶ መቀየር ይቻላል፡፡ ያው አለባበስ ግን ሳነቴ አምባ ላይ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፡፡ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፡፡

ነገሩን ከከፍታው እንጀምር፡፡ ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፡፡ ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፡፡ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል፡፡ ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ በሀዋሳና በሳነቴ መካከል 2,300 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ስላለ፣ የሙቀቱ ልዩነት 15 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው፡፡ ሀዋሳ ላይ 25 ዲግሪ በሆነ ቀትር፣ አምባው ላይ 10 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም፡፡ ይህ እንግዲህ ነፋሱና ዝናቡ ሳይታሰብ ነው፡፡

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ፡፡ «በጋ ስለሆነ ብርድ የለም» ይባላል፡፡ በደጋው አናት ላይ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ደመና ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት እንዳይበተን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል፡፡ በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሙቀቱ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ያመልጣል፡፡ ሳነቴ ላይ ውርጭ የሚጥለው፣ የሌሊቱም ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርደው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በምታቃጥልበት በዚያው ወቅት ነው፡፡

የሰው አካል ሙቀቱን ከ37 ዲግሪ ብዙ ሳያርቅ ለመጠበቅ ይታገላል፡፡ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሐኪሞች «ሃይፖተርሚያ» የሚሉት አደጋ ተፈጥሯል፡፡ ምልክቱ በመንቀጥቀጥ ይጀምራል፡፡ ቀጥሎ እጅ ቁልፍ መቆለፍና ክር ማሰር ያቅተዋል፤ አንደበት ይተሳሰራል፤ እግር ይደናቀፋል፤ ሐሳብ ይዛባል፡፡ ሰውየው ብርዱ ሳይለቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ተሽሎት ሳይሆን አካሉ አቅም አጥቶ ነው፡፡ ይህ የሚደርሰው በረዶ ላይ ብቻ አይደለም፡፡ 10 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥም ልብሱ የራሰና ነፋስ የሚያገኘው ሰው ሊደርስበት ይችላል፡፡ ምክንያቱ ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስድበት ፍጥነት ከአየር ወደ 25 ጊዜ ያህል መብለጡ ነው፡፡ ስለዚህ የተራራ ልብስ ዋና ጥያቄ «ይሞቃል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ሲርስ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው፡፡

ጥጥ የሚወድቀው እዚህ ፈተና ላይ ነው፡፡ ጥጥ ለከተማ የሚመች፣ ቆዳን የማይቆረቁር፣ አየር የሚያስገባ ጨርቅ ነው፡፡ ነገር ግን ውሃ ወዳድ ነው፡፡ በመደበኛ የአየር እርጥበት ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ እንኳ ከክብደቱ 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፡፡ ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ ብቻ ነው፡፡ ዳገት ሲወጣ ላብ የጠገበ የጥጥ ካናቴራ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቆያል፡፡ ጫፍ ላይ ደርሰን ዕረፍት ስንል፣ ያ ላብ ለመድረቅ የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከራሳችን ገላ ነው፡፡ ጂንስ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፡፡ ወፍራም ጥጥ በመሆኑ ሲርስ ይከብዳል፣ ጉልበት ይይዛል፣ ሌሊቱን ቢሰጣም አይደርቅም፡፡

ሱፍ ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው፡፡ ከጥጥ ይልቅ ብዙ እርጥበት መያዝ ይችላል፡፡ ነገር ግን እርጥበቱን ወደ ክሩ ውስጥ ስለሚያስገባው ገላ ላይ ቶሎ አይታወቅም፡፡ ጭረቶቹም የተጠማዘዙ ስለሆኑ በመካከላቸው አየር ያስቀራሉ፡፡ የሚያሞቀን ደግሞ ክሩ ራሱ ሳይሆን ይህ የታሰረ አየር ነው፡፡ በዚህ ምክንያት ሱፍ ረጥቦም ቢሆን በመጠኑ ያሞቃል፡፡ ጉድለቱ መክበዱና ቀስ ብሎ መድረቁ ነው፡፡

ከዚህ የሚመጣው መፍትሔ አንድ ወፍራም ጃኬት መግዛት ሳይሆን ሦስት ቀጫጭን ልብሶችን መደራረብ ነው፡፡ የመጀመሪያው ገላ የሚነካው ነው፤ ሥራው ላብን ከቆዳ ማራቅ ስለሆነ ስፖርተኞች የሚለብሱት የፖሊስተር ማሊያ ይበቃዋል፡፡ ሁለተኛው አየር አስሮ የሚያሞቀው ነው፤ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጸጉር ያለው የፖሊስተር ሹራብ ሊሆን ይችላል፡፡ ሦስተኛው ነፋስና ዝናብ የሚከለክለው ስስ የላይ ጃኬት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ያገኘው ጎርቴክስ የተባለው ስሪት የዝናብ ጠብታ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎትን ግን የሚያስወጣ በመሆኑ በዓለም ላይ ተወዳጅ ሆኗል፡፡ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፡፡ አቅም ለማይፈቅድ ሰው ተራ የፕላስቲክ የዝናብ ልብስም ይሠራል፡፡ ላቡ ከውስጥ እንዳያረጥብ ዝናቡ ሲያባራ ማውለቅ ብቻ ነው፡፡

የመደራረብ ጥቅሙ እንደ አስፈላጊነቱ መቀነስና መጨመር መቻሉ ነው፡፡ ዳገት ከመጀመራችን በፊት አንዱን ማውለቅ፣ ዕረፍት ስንል ደግሞ ብርዱ ሳይሰማን በፊት መልበስ ተገቢ ነው፡፡ ጉዞ ሲጀመር ትንሽ በረድ የሚለው ሰው በትክክል ለብሷል፤ ከመነሻው የሞቀው ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በላብ ይጠመቃል፡፡

«የእኛስ አባቶች ያለ ጎርቴክስ ደጋውን ሲኖሩበት አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል፡፡ ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ብልሃታቸውን ያሳያል፡፡ የመንዝ ደገኛ ከበጉ ጸጉር በርኖስና ባና ሠርቶ ለብሷል፡፡ ሁለቱም ሱፍ ናቸው፡፡ እረኛው በዝናብ ጊዜ ከሣር የተሠራ ገሳ ደርቧል፤ የዛሬው የላይ ጃኬት ሥራ ማለት ነው፡፡ በውጭው ዓለምም እ.ኤ.አ. በ1924 ኤቨረስትን ለመውጣት ሞክሮ እዚያው የቀረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ማሎሪ የለበሰው ሱፍ፣ ሐር፣ ጥጥና ጋባዲን ተደራርቦ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ልብሱ በአምሳያው ተሠርቶ እዚያው ተራራ ላይ ሲሞከር፣ ከተገመተው በላይ የሚያሞቅና ለእንቅስቃሴ የሚመች ሆኖ ተገኝቷል፡፡

ጋቢስ? ጋቢ ጥጥ ነው፡፡ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ በተነባበረው ሸማ መካከል አየር ስለሚይዝ የሚያህለው የለም፡፡ ከራሰ ግን ሸክም ይሆናል፡፡ ስለዚህ ጋቢ የማታ ልብስ ይሁን፡፡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥና ድንኳን ከተተከለ በኋላ ይውጣ፡፡

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ ሀዋሳ የልብስ ከተማ መሆኗ ነገሩን ያስገርማል፡፡ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ ሲሰፋበት ቆይቷል፡፡ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፓርኩን ለቆ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ አሜሪካም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፡፡ የከተማው ተራራ ወጪ ግን ቀድሞም ቢሆን የሚለብሰውን የሚፈልገው ከፓርኩ ሳይሆን ከሰልባጅ ተራ ነው፡፡ ልባሽ ጨርቅ ወደ ሀገር እንዳይገባ ቢከለከልም ገበያው ላይ መኖሩ አይካድም፡፡ በክምሩ መካከልም ጥሩ የተራራ ልብስ አይጠፋም፡፡

ችግሩ መለየቱ ላይ ነው፡፡ በመጀመሪያ ውስጥ ያለውን የጨርቅ ምልክት ማንበብ ነው፡፡ ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ፣ ከገዙ በኋላ ከውስጠኛው ስፌት ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይቻላል፡፡ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል፡፡ ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፡፡ ፖሊስተር ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፡፡ ይኸው ሙከራ ሌላም ያስተምራል፤ ፖሊስተር የለበሰ ሰው ከካምፕ እሳት ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፡፡ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃልና፡፡

ለእግር የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ አያንስም፡፡ አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ጉዞ ላይ ማድረግ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ማትረፍ ነው፡፡ ጫማው አስቀድሞ ለሳምንታት ከተማ ውስጥ ይለመድ፡፡ ከመደበኛው ቁጥር በጥቂቱ ሰፋ ቢል ይመረጣል፤ ቁልቁለት ላይ ጣቶች ወደፊት ስለሚገፉ ጠባብ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል፡፡ የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ቆዳን ስለሚያለሰልስ፣ የሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ካልሲ ይሻላል፡፡ አንድ ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ መቀመጥ አለበት፡፡

ፀሐይንም መርሳት አይገባም፡፡ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ ሳነቴ ላይ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ መቃጠሉ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ማታ ፊት ሲላጥ ነው፡፡ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ኮፍያና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል፡፡ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ዝቅተኛው አካባቢም ሥራ አላቸው፡፡ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ ከሳማና ከእሾህ ይከላከላሉ፤ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሲመሽ ደግሞ ከወባ ትንኝ፡፡

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ራሳችን ልብስ ነው፡፡ በቡድኑ ውስጥ ግን ሌሎችም ሰዎች አሉ፡፡ የከተማው ሰው ሦስት ልብስ ደራርቦ ሲወጣ፣ መንገድ መሪው ወይም ፈረስ ጫኙ አንዳንዴ የሚደርበው አንድ ስስ ኮትና ክፍት ጫማ ብቻ ነው፡፡ «እነሱ ለምደውታል» ማለት ራስን ማታለል ነው፡፡ ልምድ ብርዱን ቀድሞ ማወቅ እንጂ ከ35 ዲግሪ በታች የማይወርድ ገላ አይሰጥም፡፡ ደመና ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን መውጫውን የሚያውቀው እሱ ነው፡፡ እሱ ከታመመ ቡድኑ በሙሉ መንገድ ጠፋበት ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ የሠራተኞቹን ልብስ አብሮ መጠየቅ፣ ከተቻለም አንድ ትርፍ ሹራብና የዝናብ ልብስ ለቡድኑ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፡፡ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ያሳይ፡፡ የላይ ጃኬት፣ የሚሞቅ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ በላስቲክ የታሰረ ደረቅ ቅያሪ፡፡ ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሰው ካለ፣ የዚያን ቀን ጉዞ ወደ ታቦር ማድረግ ይሻላል፡፡ ሳነቴ የትም አይሄድም፡፡