ማን ነው የሚነዝረው?

ሸዋ ሮቢት ባረፍሁበት ቤት ሁለት ማታ ሙሉ ጊታር ስፈታና ስገጥም አምሽቻለሁ። ጊታሩ የቤቱ ልጅ ነው፤ ሰርግ ላይ ይጫወትበታል። «ጋሼ፣ አምስተኛዋን ክር በባዶዋ ስመታት ዝዝ ትላለች፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አለኝ። የመቃኛዎቹን ዳዶ አጠበቅሁ። ክር ቀየርሁ። ክሮቹ ደረቱ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጅ ከኮላው ለቆ እንደሆነ ብዬ ቀጭን ወረቀት በጠርዙ ላስገባ ሞከርሁ፤ አልገባም። ዝዝታው ግን እዚያው ነው። በሦስተኛው ማታ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ እናትየው ረከቦቱን አንስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ ድምፁ ቀጥ አለ።

«እትዬ፣ እባክዎ ረከቦቱን እዚያው ቦታው ይመልሱልኝ» አልሁ። መለሱት፤ ዝዝታውም ተመለሰ። ሁለት ሲኒዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው ተቀምጠው ነበር። ጣቴን በመካከላቸው ሳስገባ ጊታሩ ዳነ።

«ለመሆኑ ሰርግ ላይ ትነዝር ነበር?» አልሁት ልጁን።

«ኧረ ሰርግ ላይ ደህና ናት። አልጠየቁኝም እኮ ጋሼ።»

እውነቱን ነው፣ አልጠየቅሁትም። ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ጊታሩን ይዞ ሌላ ክፍል መግባት ወይም ደጅ መውጣት ምንም ወጪ የለውም። ያቺ አምስተኛ ክር በባዶዋ በሰከንድ 110 ጊዜ ትርገበገባለች። በጊታሩ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚያስተጋባው በ100 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጊታር ቤቱን ይበልጥ የሚያንቀጠቅጠው በእነዚህ ወፍራም ድምፆች ነው፤ ያኔ የመስኮት መስታወት፣ ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ የቬንቲሌተር ሽፋን፣ የሸሚዝዎ ቁልፍ ሳይቀር «አለሁ» ይላል። ጆሮ ደግሞ ይሸወዳል፤ ድምፁን ዓይን የሚያየው ነገር ላይ፣ ማለትም ጊታሩ ላይ ይለጥፈዋል።

ጊታሩ ራሱ ሲነዝር ምክንያቱ ባጭሩ ይኸው ነው፦ የሚወዛወዘው ክር በመንገዱ ላይ ሊነካው የማይገባ ነገር ነክቷል፤ ወይም ከጊታሩ አካል አንዱ ላልቷል።

ይህ «ላልቷል» የሚለው ቃል ነው ጉድ ያፈላው። ካገኘኋቸው ጊታር ያዦች አብዛኞቹ የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፦ የሚጮኽ ነገር የላላ ነው፣ ስለዚህ አጥብቀው። ለበር ማጠፊያና ለባጃጅ ፓራፋንጎ ልክ ነው። ለጊታር አንገት ግን ግልብጡ ነው። የብረት ክር ያለው ጊታር ስድስቱም ክሮቹ ተደምረው 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ። አንገቱ ወደ ፊት ተቆልምሞ እንዳይቀር ውስጡ የብረት ዘንግ ተቀብሯል፤ ዘንጉ በብሩጎላ ይጠብቃል፣ ይላላል። አንገቱ ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ማለት የለበትም። ክር ሲመታ ይበልጥ የሚወዛወዘው መሀሉ ላይ ስለሆነ፣ አንገቱ መሀሉ ላይ በጣም ትንሽ ጎድጎድ ብሎ መንገድ ሊለቅለት ይገባል። ዘንጉን ባጠበቁት ቁጥር ያች ጉድጓድ ትጠፋለች፤ ከዚያም አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጥና ክሮቹ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱን በሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ይተኛሉ። ልጆቹ ታዲያ ነዘረ ብለው ያጠብቃሉ፣ ባሰበት ብለው እንደገና ያጠብቃሉ። የዘንጉ ራስ በፒንሳ ተፈጭቶ የመጣ ጊታር አይቻለሁ። ባለቤቱን ከመቆጣት ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

መለኪያው ቀላል ነው። ጊታሩን ቃኝተው አንዱን ክር 1ኛው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ 14ኛው ላይ በሌላው ይጫኑት። ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነልዎት። 7ኛው ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሁለት ወረቀት ውፍረት፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ ዘንጉን አይንኩት። ክፍተቱ ጭራሽ ከሌለ ያላሉት፤ ያውም ከሩብ ዙር ሳያልፉ፣ መልሰው ቃኝተው፣ አሳድረው። የናይለን ክር ያላቸው አብዛኞቹ ጊታሮች ዘንጉም የላቸውም፤ በከንቱ አይፈልጉት።

የሚነዝርበት ቦታም ይናገራል። አንዲት ክር በባዶዋ ነዝራ የትም ሲጫኗት ዝም ካለች፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለው የክሮቹ ማረፊያ ተበልቷል፤ የታጠፈች ወረቀት ከስሯ ቢያስገቡ ለጊዜው ይይዛል። (ሲኒዎቹ እስኪያዙ ድረስ እኔም የጠረጠርሁት ይህንኑ ነበር።) 5ኛውን ፍሬት ሲጫኑ ብቻ ከነዘረ ደግሞ ጥፋተኛው 5ኛው አይደለም። ከፍ ብሎ ክሩን የሚነካው 6ኛው ወይም ከእሱ ወዲያ ያለ ጎረቤት ነው። ይህን ሳያውቁ 5ኛውን በሞረድ የሚፍቁ አሉ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ መንገዱን ራሱን መጠርጠር ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊታሩ በደብረ ብርሃን ብርድ አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር፣ በጣሊያን ዘመን ከተቦረቦረው ዋሻ፣ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሰው ካፖርቱን አውልቆ ይገላገላል፤ እንጨት ግን የሚያወልቀው የለውም። በበጋው ደረቅ ሙቀት እርጥበቱን ሲያጣ በአግድሙ ይሸበሸባል፣ የጊታሩ ደረት ዝቅ ይላል፣ ብሪጁም አብሮ ይወርዳል፣ ክሮቹ ወደ ፍሬት ይጠጋሉ። ትናንት አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረው ጊታር እዚህ ሲነዝር «ሾፌሩ ጣለብኝ» ይባላል። ይልቅ እጅዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያሳልፉ። ብረቱ አይሸበሸብምና የፍሬቶቹ ጫፍ ከእንጨቱ ወጥቶ ከቧጨረዎ የጠማው ውኃ ነው። በተበሳ ፌስታል ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩለት። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡትን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል፣ የሚጎትተው 70 ኪሎ ግን አያርፍም። ከበሮ የለመዱ ሰዎች «ሙቀት መሣሪያ ያጠብቃል» ይሉኛል። ለቆዳ እውነት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ዝዝታን ጠልቼ እንዳይመስልብኝ። የቤቱ ልጅ ያደገው በአባቱ ካሴቶች የሮሃ ባንዱን የሰላም ሥዩምን ጊታር እየሰማ ነውና የሚፈልገው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። እኔ ግን ያደግሁት በበገና ነው። በገና አሥር ክር አለው፤ ባህላዊው ክር ከበግ አንጀት የሚፈተል ነው፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ያልፋል። ክሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ ወለሉ ሰፊ ነው፤ በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከልም እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ክሩ በተወዛወዘ ቁጥር ያንን ወለል ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። ጊታር ላይ ፍሬት ሲነካ የምናባርረው ይኸው ነው። በገና ላይ ግን ደርዳሪው ተቀምጦ እንዝራዋን በፀጉር ልክ ወዲህ ወዲያ እያለ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ክሩን መቃኘት አንድ ሥራ ነው፤ እንዝራውን ማስተካከል ሌላ ሥራ፣ ያውም አሥር ጊዜ። ቆዳዋ ስታልፍ ድምፁ ይታፈናል፣ ስትጎድል ወፍራሙ የአንጀት ክር ልስልስ ብሎ ይቀራል። ልክ ስትሆን ከዚያ ወፍራም ክር ውስጥ ቀጫጭን ድምፆች ተግተልትለው ይወጣሉ። ኢትዮፒክስ በተባለው የሲዲ ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የዓለሙ አጋ በገና ነው፤ እሱን በጆሮ ማዳመጫ ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። ሕንዶችም ታንፑራ በሚሉት መሣሪያቸው ላይ ለዚሁ ብለው በክሩና በማረፊያው መካከል ቀጭን ፈትል ያስገባሉ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ያላችሁ ከማጉያው የሚወጣውን «እምምም» ከክር ዝዝታ ጋር አትቀላቅሉት። እሱ 50 ጊዜ በሰከንድ የሚመላለሰው የመብራት ኃይላችን ነው፤ ገመዱንና የመሬት መስመሩን እዩ፣ ፍሬት አትፋቁ።

ከሸዋ ሮቢት ከመነሳቴ በፊት ባለው ማታ፣ ከአሮጌ ቀበቶ ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ በዚያችው በአምስተኛዋ ክር ስር፣ ብሪጁ ላይ አስገባሁና ቀስ እያልሁ ገፋኋት። መጀመሪያ ታፈነች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስመልሳት ነዘረች። በገና አይደለም፤ የበገና ጎረቤት ግን ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደቀነ። እናትየው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ደግሞ ሲኒዬ ነው?»