ፊት ለፊት ወይስ ጎን ለጎን?

ብዙዎቻችን ቴኳንዶ ሲባል ትዝ የሚለን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲራገጡ ነው። ነጭ ልብሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ልምምድ የሚሮጡ ልጆቻችንም ይህንኑ በየሳሎናችን ያሳዩናል። ይሁን እንጂ ይህ ስፖርት ሌላም መልክ አለው። ዛሬ ባልና ሚስት ከዚህ ከሁለተኛው መልክ ሊማሩ የሚችሉትን አንድ ቁም ነገር አብረን እንመልከት።

ሁለት ዓይነት ውድድር

የመጀመሪያው ፍልሚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ የሜዳሊያ ውድድር ሆኗል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰለሞን ቱፋ ተወክላበታለች። ተጋጣሚዎቹ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ መከላከያ ይለብሳሉ። ደረትን በቡጢ ለመታ 1፣ በእግር ለመታ 2፣ ጭንቅላትን በእግር ለመታ ደግሞ 3 ነጥብ ይያዝለታል፤ ዞሮ ለመታ ከዚህም ይጨመራል። አንዱ ሕግ ሲጥስ ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይሰጠዋል። ልብ በሉ! በዚህ ውድድር የአንዱ ስሕተት የሌላው ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ፑምሴ ይባላል። ተጋጣሚ በሌለበት የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴዎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2006 በሴኡል ተካሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሆንግ ኮንግ አስተናግዳዋለች። አገሮች በግል፣ በሦስት ሰዎች ቡድን፣ እንዲሁም በጥንድ ይወዳደራሉ። ጥንዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው አንዱን እንቅስቃሴ አብረው ይጀምራሉ፤ አብረው ይጨርሳሉ። ከ10 ነጥብ 4ቱ ለትክክለኛነት፣ 6ቱ ለአቀራረብ ነው። ትንሽ ስሕተት 0.1፣ ትልቅ ስሕተት 0.3 ያስቀንሳል። የሚቀነሰውም ከሁለቱ የጋራ ውጤት ላይ ነው። እርሷ ስትሳሳት እርሱ የሚያተርፈው ምንም ነገር የለም።

የእኛ ቤት የትኛውን ይመስላል?

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ባል ለእናቱ ገንዘብ ልኳል፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። እርሷም የባንክ ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ አገኘችው። «ለመሆኑ እኔ በዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» ትላለች። እርሱም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ፣ «አንቺስ የዕቁቡን ብር ምን አደረግሽው?» ይላል። እርሷ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ታነሣለች፤ እርሱ የሠርጋቸውን ሰሞን። በሚቀጥለው ክፍል ልጆቹ እያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ፊት ለፊት ይቆማሉ።

በዚያ ምሽት ያሸነፈው ማን ነው? ባል ቃል በቃል መልሶ ሚስቱን ዝም አሰኝቷት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዝም ያለችው ተጋጣሚው ሳትሆን አጋሩ ናት። ብዙ ትዳሮች የሚጎዱት በአንድ ትልቅ በደል ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ በሚያዝ ነጥብ ጭምር እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅር የተበደለውን እየመዘገበ ሒሳብ እንደማያወራርድ ያስተምረናል። እግዚአብሔር ሁለቱን አንድ ሲያደርጋቸው ውጤታቸውንም አንድ አድርጎታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እርምጃችሁን አስተካክሉ። በጥንድ ፑምሴ ፈጣኑ ብቻውን ቀድሞ ቢጨርስ ውጤቱ ይበላሻል። በትዳርም አንዳችሁ ቶሎ ትወስኑ፣ ሌላችሁ ቀስ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ቤት ለመቀየር፣ ብድር ለመውሰድ ወይም ለቤተ ዘመድ ገንዘብ ለመላክ ስታስቡ የዘገየውን ጠብቁት። የዘገያችሁም ሌላውን ለወራት አታስጠብቁ።

2. ለስሕተቱ መጠኑን ስጡት። ዳኛው የ0.1ን ስሕተት 0.3 ብሎ አይቀጣም። ወጡ ጨው በዛበት፣ መብራቱ ሳይጠፋ ታደረ ተብሎ የሰው ማንነት አይነካ። በሌላ በኩል ትልቁን ነገር ትንሽ ማድረግም ልክ አይደለም። ዱላ፣ ዛቻና ምንዝር በዝምታ የሚታለፉ አይደሉም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ መጀመሪያ ደኅንነታችሁን ጠብቁ፤ ለምታምኑት ሰውና ለሚመለከተው አካልም ሳትዘገዩ ንገሩ።

3. ሸክም ተቀባበሉ። ፍልሚያም ቢሆን በቡድን የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በአቢጃን የተካሄደው የዓለም ዋንጫ የቡድን ውድድር ለዚህ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለው ውድድር የሁሉም ነጥብ ይደመራል፤ አሠልጣኙም የደከመውን አስወጥቶ ሌላውን ያስገባል። ወጥቶ የተቀመጠው ተሸነፈ አይባልም። ሕፃን ይዛ ያደረች ሚስት፣ ከሥራ ተሰናብቶ አንገቱን የደፋ ባል «ደክሞኛል፣ ተቀበለኝ» «ተቀበዪኝ» ማለት ይችሉ ዘንድ ቤታቸው የተመቸ ይሁን። መክብብም በምዕራፍ 4 ከአንድ ሁለት መሆን የሚሻለው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚያነሣው እንደሆነ ይነግረናል።

4. ተለማመዱ። ጥንዶቹ ዳኞች ፊት የሚያሳዩት ለብዙ ወራት ተመልካች በሌለበት የደጋገሙትን ነው። እኛም አብሮ መጸለይንና ይቅርታ መጠየቅን ጠብ በሌለበት ቀን እንልመዳቸው። በተቆጣንበት ሌሊት ከየት እናመጣቸዋለን?

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «በእኔ ላይ እስካሁን ይዘህብኝ ያለኸው ነጥብ የትኛው ነው?» «ይዘሽብኝ ያለሽውስ?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ፤ መከላከያም አትልበሱ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ጌታ ጎን ለጎን ያቁማችሁ። አሜን።