የቤት ውስጥ እንክብካቤና የመድን ውል

በአሜሪካ አገር አረጋውያን ወላጆቻቸውን በቤት የሚጦሩ ወገኖቻችን፣ ሜዲኬር ለማጠብ፣ ለማልበስና ለማጉረስ ብቻ ለሚቀጠር ረዳት እንደማይከፍል፣ ሜዲኬይድም ከተፈቀደው በላይ ጥሪት ላለው ሰው በሩን እንደሚዘጋ ሲገነዘቡ፣ አስቀድሞ የተገባ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ካለ ውሉን እንደ ዳዊት ደጋግመው ያንብቡት።

በእኔ አስተያየት ዋናው ወጥመድ የመቆያው ጊዜ፣ ማለትም መድኑ መክፈል እስኪጀምር የሚጠበቀው ጊዜ ነው፤ ውሉ 90 ቀናት ሲል፣ አንዱ ኩባንያ ተከታታይ ዕለታትን፣ ሌላው ግን ተከፋይ ረዳት የመጣበትን ዕለት ብቻ ስለሚቈጥር፣ በሁለተኛው ውል በሳምንት 3 ቀን የሚረዱ እናት ዘጠናውን የሚፈጽሙት በ30 ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ወጪው ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል።

ልጅ ቢያስታምም ይቈጠራል ወይ ለምትሉኝ፦ ብዙው ውል ፈቃድ ያለው ድርጅት ይጠይቃልና ረዳት ሳትቀጥሩ ከኩባንያው በጽሑፍ አረጋግጡ።