የሰውና የከብት፥ የዛፍና የመሬት ጤና

በላስታ ተራራዎች መካከል፥ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት በላሊበላ ዙሪያ፥ ገበሬ በማለዳ በሬዎቹን ይዞ ወደ እርሻው ይወጣል። በሬው ሣር ይበላል፤ ሣሩም ከመሬት ይበቅላል። ገበሬው በበሬው ጉልበት አርሶ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ከዚያም ልጆቹን ይመግባል። እንግዲህ የሰው ጤና በቤቱ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በበረቱም፥ በመስኩም፥ በዱሩም ይገኛል።

ይህ ነገር እውነት መሆኑ በክፉ ቀን ታወቀ። በ1880 ዓ.ም. ለኢጣልያ ጦር ከባሕር ማዶ መጥተው በምጽዋ ከወረዱ ከብቶች ጋራ ደስታ የሚባል የከብት በሽታ ገባ። ስሙ ደስታ ነው፤ ሥራው ግን ኀዘን ሆነ። ከመንጋ ወደ መንጋ እየተላለፈ ላስታንም ሌላውንም አገር አዳረሰ። ከ10 ከብቶች 9 ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል።

ደስታ ሰውን አይይዝም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በእርሱ ምክንያት አለቀ። ይህስ እንዴት ነው ቢሉ፥ በሬ ከሞተ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም፤ ላም ከሞተችም ለሕፃን ወተት የለም። በዚያው ወራት ዝናብ ቀረ፤ ጥቂት የበቀለውንም አንበጣና ተምች በላው። ረኃብ ያደከመውን ሕዝብ ፈንጣጣና ሌላ ተላላፊ በሽታ ፈጀው። ጅብና አንበሳም የደከመውን ሰው ይደፍሩ ጀመር። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ መሬቱን እንዲቆፍር ሲያበረታቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ክፉው ቀን እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

በኋላ ሊቃውንት ለዚህ በሽታ ክትባት አገኙ። የከብት ሐኪሞችም በየአገሩ እየዞሩ ብዙ ዘመን ከተቡ። በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ተነገረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ትጋት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ሌላ ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ ይመጣል። ዛፉ በተመነጠረበት አገር ማገዶ ይታጣል። ማገዶ ሲታጣ ሰው የከብቱን እበት ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ ለእርሻውም ፍግ አይቀርለትም። ፍግ ያጣ መሬት ይከሳል፤ መሬቱ ሲከሳ ሣሩና እህሉ ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ በሬውም ሕፃኑም ይከሳሉ። ከተራቆተው ቁልቁለትም ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወስደዋል። በዋሻ ውስጥ በተሠራችው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ግን ያረጁ ጽዶች ዛሬም ቆመዋል፤ የአገሩ ሰው አክብሮ ጠብቋቸዋልና። ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፤ ጥላቸውም ለሰውና ለወፍ ይሆናል።

እግዚአብሔር ምድርን ለሰው አደራ ሰጥቶታል። ስለዚህ ብልህ ሰው ከብቱ ሲታመም ከመንጋው ይለየዋል፥ ለከብት ሐኪምም ይናገራል፤ በሽታ የገደለውን ከብት ሥጋ አይበላም፤ አንድ ዛፍ ቢቆርጥ ሌላ ይተክላል። የታመመ በሬውን ደብቆ በገበያ የሚሸጥ ሰው ግን ለራሱ ጥቂት ብር ያገኛል፤ የጎረቤቱን ልጆች ያስርባል። በሽታውም ዞሮ ወደ ገዛ በረቱ ይመለሳል።